የአሥራ ሰባት ቁጥር መንደር

ሽበሺን አዋሳ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ነገር ያሙት ነበር፤ አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ ካላየ አይለቅም። ታቦር ተራራ ሥር ባለው ቤቱ ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት እንኳ ማስመሪያ እንደሚያወጣ ሚስቱ ታቢታ እየሳቀች ታወራ ነበር።

ሥራው ካርታ ላይ ያለን ቦታ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ፈልጎ ማግኘት ነው። ካርታው ከታች ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ወደ ሰሜን በሄዱ መጠን ቁጥሩ ያድጋል። ፎቶው ላይ ግን ካሬ ካሬ የተሰመረበት ስስ ላስቲክ ይነጠፍና እንደ መጽሐፍ ገጽ ከላይ፣ ከግራ ጥግ ተጀምሮ ወደ ታች ይቆጠራል። ስለዚህ ይቀነሳል፣ ይካፈላል፣ ከዚያ ቦታው በመርፌ ይወጋል። ሽበሺ ይህን ዐይኑን ጨፍኖ ይሠራው ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታው ዘመቻ መጣ። ገበሬው ከየጎጆው ተነሥቶ አንድ ላይ እንዲሰፍር ታዘዘ፤ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። የቢሮው ኃላፊ ጓድ ይልማ የሠላሳ አንድ መንደሮች ቦታ በሦስት ቀን ውስጥ ፎቶ ላይ እንዲወጣ አዘዘ። አሥራ ሰባት ቁጥር የታቢታ አባት አባ ኩማ የሚሰፍሩባት መንደር ነበረች። ሽበሺ ለእሷ የተለየ ጥንቃቄ አደረገ፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገው ሲያዩት ጥላው ዐይን ያታልላል፤ ጉብታው ጉድጓድ ይመስላል። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ታዲያ ሰሜኑን ወደ ታች ገልብጠው ያዩታል። ሽበሺም ገለበጠው፤ ለአማቶቹ የተመረጠው ቦታ እውነትም ከፍ ያለ መሆኑን አየ፣ ደስ አለው። ፎቶውን ወደ ነበረበት ሳያዞር ላስቲኩን አነጠፈና ቆጠረ። መርፌው ኮረብታውን ትቶ በሌላው ጥግ በኩል ካለ ረግረግ ላይ ዐረፈ። ፎቶው በበጋ የተነሣ ስለነበር ረግረጉ ለጥ ያለ ሜዳ ይመስል ነበር።

ስህተቱን ያየው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ንጹሑን ቅጂ ሲሠራ ነው። ረግረጉ ላይ የመንደሩ ችካል ተተክሏል፤ ሰው ግን ገና አልተነሣም። ሄዶ ለጓድ ይልማ ነገረው፤ ቦታው በክረምት ውሃ እንደሚተኛበት፣ ወባ እንደሚፈላበት አስረዳው። ጓድ ይልማ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ኮሚቴው አጽድቆ ፈርሞበታል። አሁን ተሳሳትን ብንል አሻጥር ነው የሚባለው፤ ዘብጥያ የምንወርደው አንተም እኔም ነን። ፎቶውን ተወውና የካርታውን ቁጥር አስተካክል።»

ሽበሺ ፈራ፤ መፍራቱ ተደብቆ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከመሬት ተነሥቶም አልፈራም፤ ታላቅ ወንድሙ በ1970 ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ምላጭ አንሥቶ ትክክለኛውን ቁጥር ፋቀና በላዩ ላይ የረግረጉን ቁጥር ጻፈ። ካርታውና ፎቶው ገጠሙ።

ሰዎቹ ጎጆአቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው፣ እንጨቱን ተሸክመው ሄዱ። በነሐሴ ውሃው መደብ ላይ ወጣ። የታቢታ እናት መስከረም ሳይጋመስ በወባ ሞቱ።

ከለቅሶው በኋላ አባ ኩማ ታቦር፣ ልጃቸው ቤት መጡ። ሰውነታቸው አልቆ፣ በጋቢ ተጠቅልለው በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሽበሺ አንድ ሳምንት ቻለው፤ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«አባባ፣ ቦታውን ፎቶው ላይ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ነካ ነካ አደረጉት።

«ሹሞቹን አትሸፍንላቸው፣ ልጄ። ባንተ እጅ ቢሆን ኖሮ እኛን እዚያ አታስገባም ነበር።»

ሽበሺ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ መርፌው፣ በምላጭ ስለፋቀው ቁጥር እንደገና ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው ሐዘኑ ነው የሚያናግርህ ብለው ዝም አሰኙት። ታቢታ ግን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ባሏ አንድን ቁጥር ሳያረጋግጥ እንደማይናገርም ታውቃለች።

ወደ ጓዳ ገባች። የአባቷንና የራሷን ልብስ በአንድ ነጠላ ቋጥራ ወጣች፤ ሽማግሌውን ደግፋ አስነሣች። ሽበሺን ቀና ብላ አላየችውም። አባቷ ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ገብቷቸው ጠየቋት።

«አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ወንድሜ ጋ» አለቻቸው።