«ቁም» ማለት ያቃተኝ ቅዳሜ

ሥራዬ ስህተት መፈለግ ነው። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌሎች የመረመሩትን ናሙና ደግሜ እመረምራለሁ፤ ልዩነት ሳገኝ በጽሑፍ አስታውቃለሁ። በጽሑፍ ስለሆነ ማንንም ፊት ለፊት አላስቀይምም። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው፣ የምተርከው ነገር ካለማየት የመጣ አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። አይቼ ነበር።

በቶርኖ እንጨት መቅረጽ የጀመርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ብቻዬን ነው። እንጨቱን የሚያሽከረክር ትንሽ ማሽንና ጥቂት መሮዎች ገዝቼ ከቪዲዮ እየተማርኩ ለወራት ታገልኩ። እንጨቱ ድንገት መሮዬን ይነክሰዋል፤ ሳህን ይሆናል ያልኩት ሁሉ ተሰንጥቆ ይወድቃል። በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና አካባቢ የሚሰበሰብ የእንጨት ቀራጮች ክለብ እንዳለ ሰምቼ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ደግ ሰዎች ናቸው። የስሜን አጠራር ለማስተካከል ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ በደብተሬ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች አንዱንም ሳልጠይቅ ተመለስኩ። ለሦስተኛ ጊዜ አልሄድኩም።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ሴት በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቴን አይታ ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ። ስነግራት ሳቀች። «ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ያሉትን ሽማግሌ አታውቂያቸውም? ገራዣቸው እኮ ሰጋቱራ ብቻ ነው!» አለችኝ።

ሽማግሌው በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ በአንድ ካዚኖ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን የመሮ አያያዜን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ኬሚስትሪ ነው፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ነዋ መሮውን እንደ ቴርሞሜትር የያዝሽው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት እሄድ ነበር። ከሰው ግቢ ተቆርጦ የተጣለ ወይራ በመኪናዬ እናመጣለን። «የኛ ወይራ እንዳይመስልሽ፤ ይሄ ፈረንጅ ነው፣ ቶሎ ያኮርፋል» ይላሉ፤ መሰንጠቁን ነው። በዚህ በረሃ አየር እርጥብ እንጨት ሁለት ቀን አይቆይም፤ ስለዚህ የጀመርነውን ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ከትተን ቀስ ብሎ እንዲደርቅ እናስቀምጠዋለን። በሁለት ዓመት ውስጥ ለምን እንዳላገባሁ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ስለ ሚስታቸው አልጠየቅኳቸውም። ሆኖም ከሥራ ጉዳይ ውጪ የራሴን ድምፅ የምሰማው እዚያ ገራዥ ውስጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላ የምሄድበት ቤት አልነበረኝም።

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ አንድ ሕግ አወጡ።

«ስሚ፤ አደጋ ካየሽ ቁም በይኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቁሙ እልዎታለሁ።»

«ይቁሙ አይደለም! ቁም! አንቺ ‹ይቅርታ ጋሼ፣ ቅር ካላለዎት ቢያቆሙት› ብለሽ እስክትጨርሺ ጣቴ የለም። እስቲ በይው።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ።»

«ቁ...» አልኩና አፌን በእጄ ሸፈንኩ። አባቴን አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም፤ እኚህ ሰው ደግሞ የአባቴ እኩያ ናቸው።

«ይሄንንም ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም ማለት ነው» ብለው ሳቁና ተዉኝ።

ባይተዉኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ጥፋቱን ወደ እርሳቸው ማዞር ይሆንብኛል።

ጎድጓዳ ሳህን ሲቀረጽ ውስጡ በተቦረቦረ ቁጥር፣ መሮው በሚያርፍበት ብረትና በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ስለዚህ በየመሐሉ ማሽኑን አቁሞ ብረቱን ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ መሮው ድጋፍ ካጣ እንጨቱ ይነክሰዋል። ይህን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። በዚያ ቅዳሜ ግን ሳህን ሲቦረቡሩ ብረቱን አላስጠጉትም። ክፍተቱ ሁለት ጣት ያህል ሲሆን አየሁ፤ እርሳቸው እንዳላዩትም ገባኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ሁለት ፊደል ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያ ብረት ትንሽ...» አልኩ።

መሮው ከእጃቸው ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ፤ ግራ እጃቸው በብረቱና በሚሽከረከረው እንጨት መካከል ገባ። ማሽኑን አጠፋሁ። እርሳቸው አልጮሁም። የደማውን እጃቸውን በደረታቸው አስጠግተው ፊቴን ተመለከቱና «አይዞሽ» አሉኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ልጃቸው መሆኔን ጠየቀችኝ። ተማሪያቸው ነኝ አልኳት።

ሁለት ጣቶቻቸው ዳግመኛ አልታጠፉም። ልጃቸው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው፤ ቶርኖውን ለሰው ሰጠችው። ልጠይቃቸው ስሄድ በር ላይ አቀፈችኝ። «ታንክ ዩ፣ እህቴ። አንቺ ባትኖሪ ዳዲ ይሞት ነበር» አለችኝ። ምስጋናዋን ተቀበልኩ። እርሳቸው ከሶፋው ላይ ሆነው ይመለከቱን ነበር። ልጃቸው ወደ ውስጥ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«መቼ?»

«ከመንከሱ አሥር ሰከንድ ያህል በፊት።» ልኩን መናገር ልማዴ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን ልማዴን ጠላሁት።

«አሥር ሰከንድ ብዙ ነው» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። የአንድን ግንድ እርጥበት ሲገምቱ በሚናገሩበት ድምፅ ነው የተናገሩት።

ከዚያም በኋላ ቅዳሜን አላቋረጥኩም። ነገር ግን በመካከላችን እንጨት ሳይኖር ምን እንደምንነጋገር ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ስለ ልጃቸው ሺፍት፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ እናወራና እንጨርሳለን። ዓይኔ ወደ እጃቸው ሲሄድ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስገባሉ። አፍረው ሳይሆን እኔን ለማሳረፍ ይመስለኛል። በአራተኛው ቅዳሜ ልነሳ ስል እንዲህ አሉኝ፦

«ቅዳሜሽን እዚህ አታባክኚው፣ ልጄ። ያለሽ አንድ ቀን ነው፤ ሥሪበት።»

ምክር ነበር፣ ወይስ አትምጪብኝ ማለታቸው? በኛ ወግ ሁለቱም በዚሁ ለስላሳ ድምፅ ይነገራሉ። ቁጭ ብዬ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ልጃቸው እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። «ኔክስት ዊክ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«እደውላለሁ» አልኳት። ያኔ ገና ብርድ ነበር። አሁን ሙቀቱ በርትቶ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ገራዥ ውስጥ መቆም አይቻልም፤ እኔ ገና አልደወልኩም።