ዝናቡን ያስቀረው ጃንጥላ

በፈጣሪ ፊት፣ በመካነ ሰላም ሽማግሌዎችም ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ... የግራዝማች ተሰማን ጃንጥላ ከሱቃችን የጨው ጆንያ ኋላ የደበቅሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። ሰይጣን አላሳሳተኝም፤ እሱም ዘንድሮ ሥራ በዝቶበታል።

ጃንጥላው ተራ ጃንጥላ አይደለም። ግራዝማች ለምክር ቤት ሲወዳደሩ የምርጫ ምልክታቸው ጃንጥላ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሥዕሉን እያየ መረጣቸው፣ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ... በቃ! ሽማግሌዎቻችን ጥፋተኛውን አገኙት።

«ጃንጥላ የሚመርጥ ሕዝብ ዝናብ አልፈልግም ማለቱ አይደለም?» ይላሉ አያ ሰይድ፣ ገበያው ዳር ከማይለቋት ድንጋያቸው ላይ ሆነው። «ዝናቡም ሰማና 'እነዚህስ ፈርተውኛል' ብሎ አለፈን።»

«እነዚያ በሬ የመረጡትስ፣ አያ ሰይድ? በሬ ተረፋቸው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሂጅ ወዲያ፣ አንቺ ልጅ!»

አንቺ ልጅ... ስሜን የሚጠሩት ሁሉ ሄደዋል። አባባና እማማ ትንንሾቹን ይዘው እህል ፍለጋ ወደ ደሴ ሲሄዱ «ሱቁን ጠብቂ» ብለው ተዉኝ፤ ጨውና ክብሪት ብቻ የቀረውን ሱቅ። አክስቴ ማታ ማታ እየመጣች ታድራለች፤ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ ታንኮራፋለች። ትምህርት ቤቱም ተማሪው በየአቅጣጫው ሲሰደድ ተዘጋ። ከዝንብ ጋር ለመቀለድ ሞክሬ ነበር... አትስቅም።

ግራዝማች የተመለሱት ወታደሮቹ ንጉሡን አውርደው ምክር ቤቱን ሲዘጉት ነው። ሰላም የሚላቸው የለም። ጃንጥላቸውን ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ይዘውት ይዞራሉ እንጂ ፀሐይ አናታቸውን ሲቀቅለው እንኳ አይዘረጉትም። ማን ደፍሮ!

ባለፈው ሳምንት ክብሪት ሊገዙ ገቡ። ያገኘሁትን ሰው በዋዛ አልለቅም፤ ያዝኳቸው።

«አባባ ግራዝማች፣ ምክር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?»

«እጅ እናወጣ ነበር፣ ልጄ።»

«እሱንማ እኛም ክፍል ውስጥ እናወጣለን። እርስዎ ለምን ለምን አወጡ?»

«ለቀረጡ... ለመንገዱ... ለብድሩ። ፊት ወንበር ላይ ትልልቆቹ አሉ። የእነሱ እጅ ሲወጣ የእኛም ይወጣል።»

«ስለ ወሎስ?»

ክብሪቷን አገላበጧት። «አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። የፊቶቹ እጅ አልወጣም።»

«የእርስዎስ?»

«ወላሂ፣ ያን ቀን ክንዴን ብርድ ይዞኝ ነበር።»

ክርስቲያኑ ግራዝማች በወላሂ ማሉ! እኛ አገር ውሸት ሲከብድ መሐላውን ከጎረቤት ይዋሱለታል።

ፈጠን ብለው ወጡ። ጃንጥላቸው ባንኮኒው ላይ ቀረ። መጥራት እችል ነበር... አልጠራሁም። ዕቃ የረሳ ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ይቀመጣል፣ ያወራል። የደበቅሁት ለዚህ ነው።

እሳቸው ግን ከጃንጥላቸው ጥያቄዬ በልጦባቸው ነው መሰል፣ ቀሩ።

ትናንት ከሰዓት መሰልቸቱ ሲብስብኝ ሱቁን ዘግቼ፣ ጃንጥላውን ይዤ፣ በተሰበረው መስኮት ወደ ትምህርት ቤት ክፍላችን ገባሁ። ምክር ቤት ከፈትኩ። ጃንጥላውን ዘርግቼ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ።

«ክቡራን እንደራሴዎች!» አልኩ በግራዝማች ድምፅ፣ እያጎረነንኩ። «ለወሎ እህል ይምጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

አቧራ እጅ የለውም። ስለዚህ ወርጄ በየተማሪው ዴስክ እየተቀመጥኩ አወጣሁላቸው።

«ደስታ አበበ!... አለሁ።» ደስታ ወረኢሉ ነው ይባላል።

«ሙሄ ሰይድ!... አለሁ።» ሙሄ መልሱን ሳያውቅም ቢሆን ሁለት እጁን ነበር የሚያወጣው። ጃንጥላውን በጉልበቴ ይዤ ሁለቱንም አወጣሁለት።

«ዘሀራ እንድሪስ!»

ዘሀራ ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው። ዴስኳ ላይ በምላጭ የቀረጸቻት አበባ አለች። እጄን አነሣሁላት... «አለሁ» የሚለው ግን ከአፌ አልወጣም። ዘሀራ መንገድ ላይ እንደቀረች ከአቀስታ የመጣ ሰው ነግሮናል።

እንዲህ እንዳለሁ መስኮቱ ጋ አንድ ሰው ሳል አለ። ግራዝማች! ከመቼ ጀምሮ ቆመው እንደነበር እንጃ። ዓይናቸው ጃንጥላቸው ላይ ነው። ዛሬስ አለቀልኝ አልኩ።

እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እያቃሰቱ፣ በመስኮቱ ገቡ። (የሕዝብ እንደራሴ በመስኮት ሲገባ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።) መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ጥያቄው ምን ነበር?»

«ለወሎ... እህል ይምጣ የሚል ነው፣ አባባ።»

ወደ ፊት ወንበሮች አዩ። የሚያዩት እጅ አልነበረም። ቀስ ብለው ክንዳቸውን ከጋቢው አወጡና አነሡት። ብርድ የያዘው አይመስልም።

«ምክር ቤቱ እኮ ተዘግቷል» ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጥኩት። እኔ! ዋጥኩት!

እጃቸውን ሳያወርዱ ዞር ብለው ክፍሉን ቃኙ።

«ድምፅ ያልሰጠ አንድ ሰው ቀርቷል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ለሁሉም ሳወጣ የራሴን ረስቻለሁ። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ እንደ መምህር፣ ባዶው ክፍል እስኪያስተጋባ ጮኹ።

«ሐዋ ይማም!»

ስሜን ስሰማ፣ አቤት ከማለቴ በፊት ጃንጥላውን ፊቴ ላይ ደፋሁት... ከሥሩ ዘነበ በሉ።