ለማረሻው ሲሳሳ

አምና ስንዴዬ ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆኖ ቀረ። መሬቴን በእኩል የሚያርሰው ሰው ጥፋቱን ሁሉ በማረሻው ላይ ጣለ። ፈጽሞ ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ የስማዳ መሬት ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል። ከፌሮ የተቀጠቀጠ ማረሻ ጥቂት ከታረሰበት ጫፉ እንደ አውራ ጣት ይዶለዱማል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይህን ሁሉ እሱ ነበር የሚያስብበት። አሁን በስተርጅና ስለ ብረት ዓይነት እማራለሁ።

በእኛ አገር ሴት እርፍ ጨብጣ አታርስም። ስለዚህ ሰውየው የሚለኝን ከመስማት ሌላ ምርጫ የለኝም። ዘንድሮ ሰኔ ሳይገባ ወገዳ ገበያ ሄጄ፣ ቀጥቃጩ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ማረሻ እንዲሠራልኝ አዘዝሁት። ባሌስትራ አይቸግረውም፤ መንገዳችን እየሰባበረ ያቀርብለታል።

«ይኸ እርስዎም እኔም ካለፍን በኋላ ያርሳል» አለኝ።

«ዘንድሮን ይረስልኝ» አልሁት።

አራሹ ማረሻውን ሲያይ ፊቱ በራ። በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ።

«እሜቴ፣ ይኸማ ጠመንጃ ነው!»

ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን በፈታ ቁጥር ማረሻውን ከእርፉ ጫፍ አውልቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስደው ጀመር። ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ ተውሁት።

ማሳው ሁለተኛ ጊዜ ታርሶ ሲያልቅ ጨርቁን ፈትቶ አሳየኝ።

«አዩልኝ? ምላጭ እንደ ሆነ ነው! የጎረቤትዎ እኮ ሁለቴ ተስሎ ሁለቴ አለቀ።»

እውነትም ምላጭ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ የተመላለሰ ብረት እንዴት ጭረት እንኳ አይኖረውም? ዱላዬን ይዤ ወደ ማሳው ወጣሁ። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ እርሻ ነው። ዱላዬን ትልሙ ውስጥ ብተክለው አልገባም። ጥቂት አልፌ ብሞክር ያው ነው። መሬቱ ላይ ላዩን ተጭሯል እንጂ አልታረሰም፤ ዶሮም ከዚህ ይሻላል።

«ይኸን ምን ትለዋለህ?» አልሁት።

«ድንጋይ ሲመጣ ቀና አደርገዋለሁ።»

«ድንጋይ በሌለበትስ?»

«ሊመጣ ይችላላ፣ እሜቴ!»

ሐምሌ ሲገባ መሬቱ ይጨቀያል፤ በሬ አይገባበትም። መዝራት ያለብን ከዚያ በፊት ነበር። እንዲህ በተጫረ መሬት ላይ ከዘራን ደግሞ ያምናውን ቢጫ ስንዴ መልሰን ማጨዳችን ነው፤ እኔም የከርሞ ጎተራዬ ባዶውን ሊቀር ነው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ይኸን ማረሻ ያሠራሁት ግድግዳ ላይ ልሰቅለው አይደለም። ይለቅ፤ ቢሻው ይሰበር። እኔ ብረት አልበላም።»

«ቢሰበር ሌላ ያሠሩልኛል?»

«አሠራለሁ።»

«ይማሉልኛ!»

«አትጨቅጭቀኝ! ነገ ጥመድ።»

«ነገማ ሚካኤል ነው።»

ሚካኤል ነበር። ቀኑን በብስጭት አሳለፍሁት። በማግስቱ ማለዳ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። እርፉን ላላ ባደረገ ቁጥር «ተጫነው!» እላለሁ። ብረቱ ድንጋይ ሲነካ እሱ ያቃስታል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ ቄስ ቆም ብለው አዩን።

«ምነው፣ ሰውየው ታሟል?»

«ማረሻው ነው የታመመው፣ አባቴ» አልኋቸው።

ማሳው ሲያልቅ የማረሻው ጫፍ ዶልዱሞ፣ አንዱ ጠርዝ ተሸርፎ ነበር። አራሹ በሁለት እጁ ይዞት መጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው። ያረሰውን አየሁት። ከሥር የወጣው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነበር። ስንዴውን በዚያው ሳምንት ዘራን።

ማረሻውን ወደ ቀጥቃጩ ወስዶ እንዲያስለው ብጠይቀው ግን እንቢ አለ። «ራስዎ ይውሰዱት» አለኝ። ስንዴው ጉልበት አልፎ አረንጓዴ ሆኗል፤ እሱ ገና አኩርፏል።