ሂሳዮ ለልጇ የመረጠችው መጽሔት

ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የምትፈራው እናቲቱ ራሷ ስትሆንስ ለማን ትሆናለች? ሂሳዮ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ስለት ይዛ ስትሠራ ኖራለች፤ ስለቱን አትፈራም። የምትፈራው የልጇን በር ነው።

ልጇ ቺናሚ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ለመታጠብ ካልሆነ ከክፍሏም አትወጣም። ሂሳዮ ምግቡን በትሪ በሩ ሥር አስቀምጣ ትወርዳለች። ባዶ ሳህን ሲወጣ ልጇ በሕይወት እንዳለች ታውቃለች። ጥር ላይ ቺናሚ ከበሩ ኋላ "ምነው ሁሉም ነገር ባለቀ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሂሳዮም እንቅልፍ የላትም።

እኔ ገበያው መንገድ ላይ መጻሕፍት እሸጣለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት አዲስ የገቡትን የማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ መጽሔቶች በገመድ ሳስር (ካልታሰሩ ሁሉም ቆሞ አንብቦ ነው የሚሄደው) ሂሳዮ ገባች።

"እትዬ ቶሚኮ፣ ቺናሚ ልጅ ሆና ሥዕል ትወድ ነበር። አንድ መጽሔት ትሪው ላይ ላድርግላት ብዬ… ለጀማሪ የቱ ይሻላል?"

"አዲስ ታሪክ የሚጀምርበትን ውሰጂ። ከመሃል ከገባች ማን ማን እንደሆነ አታውቅም። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።"

"መነጽሬን ፋብሪካ ረሳሁት።"

"ታዲያ እኔ ልምረጥልሽ።"

"አይሆንም! ልጄ ናት፣ እኔው ልምረጥ።"

እያነሳች አስቀመጠች፣ እያስቀመጠች አነሳች። "ይሄ ደም አለበት። ይቺ ደግሞ ፊቷ ክፉ ነው።"

"ሂሳዮ፣ ለልጅሽ ባል እየመረጥሽ ነው እንዴ?"

አልሳቀችም፤ ሌላ አነሳች። እኔ ሌላ ገበያተኛ ሳስተናግድ አበባ የሞላበትን፣ ሁለት ወጣቶች ፈገግ ያሉበትን ወፍራሙን መጽሔት ይዛ ወጣች።

በማግስቱ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"የመጨረሻው ክፍል ነው!" አለችኝ። ፋብሪካ ገብታ መነጽሯን ስታደርግ የሥራ ጓደኛዋ ያንኑ መጽሔት ይዛ አየቻት። ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል 'ታሪኩ እዚህ ያበቃል' ይላል። "'ምነው ባለቀ' ለምትል ልጅ 'ያበቃል' የሚል ሰጠኋት! ቤት ሮጬ ስሄድ የማታው ሩዝ እንዳለ ነው። ብጠራት ብጠራት አትመልስም። በሩን ብቻዬን መክፈት ፈራሁ፣ እትዬ።"

ሱቁን እንደተከፈተ ትቼው ተከተልኳት። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ የምታሰልፍ ሴት ያን ቀን አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ወርውራ ወደ ላይ ወጣች። እኔም መደገፊያውን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። እኔም ምላሴ እንጂ ልቤ ደፋር አይደለም።

ሩዙ ደርቋል። ዓሣው አልተነካም። መጽሔቱ ግን ትሪው ላይ የለም።

ሂሳዮ እጇን ወደ በሩ ሰደደችና መለሰችው። እኔ አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። "ቺናሚ! ቶሚኮ ነኝ፣ መጽሐፍ ሻጯ!" ዝም። ሂሳዮ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። የማስበውን ማሰብ አልፈለግኩም።

ከዚያ የወረቀት ድምፅ ሰማን።

"እማ…" ድምፅዋ ሻክሯል።

"አለሁ! እዚህ ነኝ!"

"መጨረሻ ላይ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሜ አነበብኩት። ከመጀመሪያው የለም?"

ሂሳዮ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አፏን በመሀረቧ አፈነች። መልሱ በእኔ ላይ ወደቀ።

"አለ እንጂ! ሃያ ስድስት ቅጽ ነው። አንደኛውን ዛሬ አመጣልሻለሁ። ሁለተኛውን ግን ራስሽ መጥተሽ ትወስጃለሽ። የእናንተ ደረጃ ጉልበቴን ጨረሰው።"

ሂሳዮ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "ኧረ አታስፈራሪያት!" አለች በሹክሹክታ።

ዝምታው ሲረዝም ይህ የእኔ ምላስ አበላሸው ብዬ ደነገጥኩ። ልጅቱ ከበሩ ርቃ የሄደች መሰለኝ።

"ሱቁን ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?" አለች ቺናሚ።

የምዘጋው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ያኔ መንገዱ ከትምህርት ቤት በሚመለሱ ልጆች ይሞላል፤ ጭር የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

"ከምሽቱ ሁለት ሰዓት" አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።