የአከራያችን ኒሻን

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ገበያ ዳር፣ አሮጌ ሳንቲምና የቆመ ሰዓት ሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰውዬ አንዲት የነሐስ ሜዳሊያ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ቀዝቃዛ ናት፤ ለመጠኗ ትከብዳለች። «የጃንሆይ ናት፣ እትዬ። ይኸው ራሳቸው በጦር ልብስ» አለኝ። ላርመው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መዳፌን ባሸተው ያ የነሐስ ሽታ ቀርቶበታል። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ።

እናቴ በሞተች ዓመት፣ አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ አባቴ ቡታጅራ ተመደበ። የታሪክ መምህር ነው፤ ከሰሜን የመጣን ነን። አንድ ክፍል ተከራይተን ገባን። አባቴ ከደብተር እርማት ቀና አይልም፤ የሠፈሩ ልጆች በጉራጊኛ ሲጫወቱ እኔ አጥር ተደግፌ ሌላው ሲስቅ እያየሁ እስቅ ነበር።

አከራያችን ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቻቸው መርካቶ ይነግዳሉ፤ የሚመጡት ለመስቀል ብቻ ነው። ሁለት ብቸኛ ሰው አንድ ግቢ ሲውል መቼም ይግባባል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንሰቱ ጥላ ሥር ለእኔም በርጩማ አውጥተው ይጠብቁኛል። ቆጮ በአይብ እየበላን እኔ ስለ ትምህርት ቤት እዋሻቸዋለሁ፣ እርሳቸው ስለ ወጣትነታቸው ይዋሹኛል።

ያልቀለዱት ስለ ወንድማቸው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድማቸው በጣልያን ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ መንገደኛ መጥቶ «ይቺ የወንድምህ ናት» ብሎ አንዲት ሜዳሊያ ሰጣቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በአንድ ገጿ የብረት ቆብ የደፋ ንጉሥ በጎን ይታያል። ጃንሆይ ናቸው ብለው አመኑ፤ ወንድማቸውም ተዋግቶ የተሸለመ ጀግና ሆነ።

«ታዲያ ጺማቸው የት ሄደ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጦር ሜዳ ላይ ማን ጺም ያበጥራል!» ብለው ሳቁብኝ።

በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ሜዳሊያዋን በአመድ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ መስቀል ግን ላስደስታቸው ብዬ አመዱን በወንፊት ነፋሁ፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ጣቴ እስኪላጥ ፈተግኳት። ስትጠራ በጀርባዋ የታሰሩ ዘንጎችና መሃላቸው የተሰካ ምሳር ብቅ አለ፤ የላቲን ፊደልም ወጣ። ሮጬ ለአባቴ ወሰድኩለት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አያት።

«የጣልያን ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ንጉሡም የእነሱ ነው፤ ምሳሩ የፋሺስቶቹ ምልክት። ሊወሩን ለዘመቱት ሁሉ ያደሉት ነው። ለነጩም፣ ከእኛው ሰው አብሯቸው ለዘመተውም። ለሽማግሌው አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ!»

እሺ አልኩት፤ እሺታዬም የምር ነበር።

በማግስቱ ልጆቻቸው ከነሚስቶቻቸው ከነልጆቻቸው ደረሱ፤ ግቢው ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሽማግሌው ሜዳሊያዋን በመርፌ ቁልፍ ኮታቸው ላይ ሰክተው ተቀመጡ። በእኔ በርጩማ ላይ የእኔ እኩያ የሆነች የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። «ጃንሆይ ለወንድሜ በእጃቸው...» ብለው ሲጀምሩ በሩ ላይ ቆሜ፣

«ጃንሆይ አይደሉም! የጣልያን ንጉሥ ነው፤ አባቴ አንብቦታል» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትንሹ ልጃቸው «ታዲያ አጎታችን ባንዳ ነበር በሉኛ!» ብሎ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን የለም። ሽማግሌው መርፌ ቁልፉን መፍታት ጀመሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። ሜዳሊያዋን ኪሳቸው ከተው «ብሉ እንጂ፣ ክትፎው ይቀዘቅዛል» አሉ።

አባቴ እንደፈራሁት አልገረፈኝም። እንግዶቹ ሲሄዱ ብቻ «ወንድማቸው ከገደለው ጠላት ማርኳትም ይሆናል እኮ፤ ማን ያውቃል?» አለኝ። በሩጫ ሄድኩ። እንሰቱ ሥር ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ይሆናል» አሉ። «ስልሳ ዓመት ሙሉ ወንድምህ ምን ነበር ሲሉኝ የምመልሰው ነበረኝ። አሁን ይሆናል ነው የምለው?»

ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ይቅርታ የሚጠየቀው ለተሳሳተ ነገር መስሎኝ፣ እኔ ደግሞ የተናገርኩት እውነት ነው። ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

አልተቆጡኝም። ሰላም ስላቸው ሰላም ይሉኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን በራቸው ገርበብ ብሎ ነው የማገኘው፤ በርጩማዎቹም ከቤት አልወጡም። ክረምት ሲገባ አባቴ ወደ ወልቂጤ ተዛወረ።

ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲያልቅ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። ያን ሁሉ ዓመት ሲመርቁኝ እንደ ልጅ ልጆቻቸው በጉራጊኛ ነበር፤ ግማሹ ሳይገባኝ አሜን፣ አሜን እል ነበር። ያን ቀን እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው በአማርኛ መረቁኝ። «እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና። በሰላም ግቡ።»

አሜን አልኩ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል።