በሳሙና የተሰመረው ሸራ

ጋሊማ ሳሎማንስ ኬፕታውን፣ ሶልት ሪቨር በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት የኮት ገበር ሰፍታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ እቤቷ ሆና የሙሽራ ልብስ መስፋት ጀመረች። ሳተላይት ወደምንሠራበት ቤተ ሙከራ ያመጣትም ይኸው ስፌት ነው። መሐንዲሳችን ሉዋንዲሌ የእህቱን ቀሚስ ሊወስድ ሄዶ፣ አሥር ሜትር ስስ ጨርቅ ሳይጨማደድ አጣጥፋ በጫማ ካርቶን ስታስገባ አየ።

ሳተላይታችን የዳቦ ያህል ናት። የተሠራችው አንድ ነገር ለመሞከር ነው፦ ሥራዋን ስትጨርስ አራት ማዕዘን ሸራ ትዘረጋለች፤ እዚያ ሰማይ ላይ ያለው እጅግ ስስ አየር ሸራውን እየጎተተ ያወርዳትና ትቃጠላለች። ሸራው ካልተከፈተ ለብዙ ዓመታት ቆሻሻ ሆና ትዞራለች፤ የሦስት ዓመት ልፋታችንም ከንቱ ይቀራል። ሸራውን ያጠፈችው ጋሊማ ናት።

ሳተላይቷ መጥቃ፣ ሸራው ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጋሊማ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሉዋንዲሌ፣ አየር የሌለበት ቦታ ሳሙና ምን ይሆናል?»

«የምን ሳሙና?»

«ሸራውን ሳጥፍ ያሰመርኩበት። ዛሬ የሳሙናው ስባሪ ሳህን ላይ ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁትና ሐሳብ ገባኝ።»

ሉዋንዲሌ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እንደ አገሩ ወግ «አክስቴ» ለማለት «አንቲ» ይላታል። «አንቲ ጋሊማ! ብናኝ እንዳይገባ ጓንት አድርገው፣ ፀጉርዎን ሸፍነው፣ ጫማ ቀይረው ገብተው… ሳሙና?»

«ልብስ ሰፊ በምን ያሰምራል? ሲታጠብ ይለቃላ!»

«እዚያ ላይ ማን ሊያጥበው?»

«ተቆጥተህ ስትጨርስ ትርፉን ሸራ አምጣልኝ። እንደዚያው አስምሬ ልጠፈውና እንየው።»

ሁለት ቀን ፈጀባት። አየሩ በሚመጠጥበት የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተን አቀዘቀዝነው። እንዲከፈት ስናዝዘው ሦስቱ ማዕዘን ተዘረጋ፤ አራተኛው ግን አልላቀቅ አለ። ጋሊማ አፍንጫዋን የሳጥኑ መስኮት ላይ ለጥፋ ታያለች።

«አሙቀው» አለች።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አሙቀውና እንይ።»

የሳጥኑን ማሞቂያ መብራት አበራንበት። በአርባኛው ደቂቃ ማዕዘኑ ተላቀቀ።

በዕቅዳችን ሸራው የሚከፈተው ሳተላይቷ ከምድር ጥላ ገና ስትወጣ፣ በጣም በቀዘቀዘችበት ሰዓት ነበር። ትእዛዙን ቀየርነው፦ ሸራው ያለበትን ጎን ወደ ፀሐይ አዙራ አርባ ደቂቃ ትሙቅ፣ ከዚያ ትክፈት።

ካሜራ የላትም። መከፈቱ የሚታወቀው ከአወራረዷ ነው። ትእዛዙ በተፈጸመ በአራተኛው ቀን ሉዋንዲሌ ለጋሊማ ደወለላት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገው።

«አንቲ፣ ሳተላይቷ በፊት በቀን ሠላሳ ሜትር ነበር የምትወርደው። አሁን አምስት መቶ አርባ!»

«ሙሉ ቢከፈትስ ስንት ነበር?»

«ሰባት መቶ ሃያ ገደማ።»

እያንሾካሾከች ስታሰላ ተሰማን።

«ከአራት ሦስት እጁ ነዋ። እንግዲያው አንዱ ማዕዘን አሁንም እንደያዘ ነው።»

«ይያዝ! እየወረደች እኮ ነው! ተሳካ!»

«እሱስ ገብቶኛል። የትኛው ማዕዘን ነው?»

ሉዋንዲሌ ወደ እኛ ዞረ። ቁጥሩ የትኛው ማዕዘን እንደሆነ አይናገርም።