የአያቴ ጉልበትና የሃሊሳ ደረጃ

ልጅ ሳለሁ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሃይፋ ውስጥ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ስሮጥ ቀኝ ጉልበቴ ተጠምዝዞ ውስጡ ያለው ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ጅማቱ በራሱ እንደማይገጥም፣ ለቀዶ ሕክምናም እድገቴን እስክጨርስ መጠበቅ እንዳለብኝ ነገረን። እናቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ ቁጭ ትበል።

ያኔ የምንኖረው ሃሊሳ በሚባለው የሃይፋ ሰፈር ነበር። ማታ ማታ አያቴ አባ ታከለ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ጭሱ ሲወጣባት የላይኛዋ ጎረቤት በዕብራይስጥ ትጮኻለች፤ እሳቸውም በቋንቋዋ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ፣ እያሉ ፍሙን ማራገባቸውን ይቀጥላሉ። እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተረታቸውን እሰማለሁ። ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወደዚህ አገር ለመሻገር በእግሩ ወደ ሱዳን ሲጓዝ ገደል ገብቶ የጉልበቱ ገመድ የተቆረጠበት ሰው። መንገደኞቹ «ትተነው እንሂድ» ይላሉ።

«ሰውየውስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹ማን አባቱ ነው የሚተወኝ!› ብሎ ተነሣ።»

አንድ ዓርብ ለሰንበት ከተበለተው ዶሮ አንዱን እግር አንሥተው ቢላዋቸውን ወደ መገጣጠሚያው አስገቡና ጅማቱን ቆረጡ። የታችኛው አጥንት ወደ ፊት ሸተት አለ። ከጭኑ በስተኋላ ያለውን ጡንቻ በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ግን አጥንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«አየሽ ልጄ? ገመዱ ከከዳሽ ይኼን ዘበኛ አድርጊው።»

«ኧረ አባቴ፣ ዶሮዬን!» አለች እናቴ። «ልጅቷንም አያሳብዷት፤ ቁጭ ትበል ተብሏል።»

«ዶሮዋ ቁጭ ትበል። ልጄ ትነሣ።»

ተነሣሁ። ሐኪሙ የላከኝ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ያዘዘችልኝም ያንኑ ጡንቻ ማጠንከር ነበር። እናቴ የስፖርት ጫማዬን ደበቀችው፤ ፈልጌ አገኘሁት።

ጸሎት ቤታችን ከረጅም ደረጃ በላይ ነበር። አያቴ ከዚያ ሲመለሱ የብረቱን መደገፊያ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ጸሎት ቤቱ አድርገው፣ በጀርባቸው ይወርዳሉ። በእኛ ዘንድ ለተቀደሰ ቦታ ጀርባ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁላችንም አክብሮት ነው አልን። አንዳንድ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። እኔም እንደ እሳቸው ስወርድ ሴቶቹ «እሰይ፣ ጨዋ ልጅ!» ይሉኝ ነበር። እንደዚያ ስወርድ ጉልበቴ አይከዳኝም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ዓመት በትምህርት ቤቱ ውድድር ሮጥሁ። ከብዙዎቹ ኋላ ገባሁ፤ አልወደቅሁም። ሐኪሙም ልክ ነበር፤ ጅማቱ አልገጠመም።

ዛሬ ዜና ጸሐፊ ነኝ፤ በተረት አላምንም። ከያኔው የቀረኝም ተረቱ ሳይሆን ያ የዶሮ እግር ነው፤ አጥንቱ ሲሸሽ፣ ጡንቻው ሲመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት የአያቴ ቀኝ ጉልበት አብጦ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ሐኪሟ ምስሉን እያሳየችኝ «መቼ ነው የተበጠሰው?» አለች። ጅማቱ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነበር። የቆየ ጉዳት ነው አለች፤ እኔ ሳልወለድ የደረሰ።

ከሐኪሟ ክፍል ወጥተን ወደ ታች ልንወርድ ስንል «አባባ፣ አሳንሰር አለ» አልኋቸው።

«ለማን?» አሉና የብረቱን መደገፊያ ይዘው ጀርባቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ።